መንገድና ሸክሙ

መንገድ አንደበት የሌለው የጋራ ሀብት ነው። ቤት ሲፈርስ ባለቤቱ ይጮኻል፤ አዝመራ ሲወድም ገበሬው አቤት ይላል። መንገድ ሲሰበር ግን እግረኛው ጉድጓዱን ዞሮ ያልፋል፤ ነጂውም መሪውን አጠማዝዞ ይሄዳል። «የእኔ ነው» ብሎ የሚሟገትለት ሰው እምብዛም አይገኝም። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይና አሸዋ የተሠሩ ሁለት የሠፈር መንገዶች አንዱ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው በሦስተኛው ክረምት ላይ ሲፈራርስ አይታችሁ ይሆናል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ብዙ ሰው «ሥራው ጥራት ስለሌለው ነው» ይላል። ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በደንብ የተሠራ መንገድም ቢሆን ከተሠራለት ልክ በላይ ሸክም ከተጫነበት አይኖርም። በዚህ ምንባብ መንገድ ሸክምን እንዴት እንደሚሸከም፣ ከባድ ጭነት መኪና ለምን እንደሚጎዳውና ጉዳቱም እንዴት ሊቀነስ እንደሚችል እንመለከታለን። ለምሳሌ የምንወስዳት ከተማ ሐዋሳ ናት።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ ከብዙዎቹ ታላላቅ ከተሞቻችን በዕድሜ ታናሽ ናት። ዛሬ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆና ታገለግላለች። መሬቷ በአብዛኛው ሜዳ በመሆኑ ብስክሌት በብዛት ከሚነዳባቸው የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት፤ ባጃጁም ከጧት እስከ ማታ ይመላለስባታል። ቀላል ተሽከርካሪ እንዲህ በበዛባት ከተማ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ጉዞም ያልፋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በሻሸመኔ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሐዋሳ ይገባና በስተ ደቡብ ወደ ዲላ፣ ከዚያም ወደ ኬንያ ጠረፍ ወደ ሞያሌ ያመራል። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ የይርጋዓለም፣ የአለታ ወንዶና የዲላ ቡና ወደ ሰሜን ይወጣል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ኬንያ በሞያሌ የጋራ የጠረፍ መቈጣጠሪያ ጣቢያ መረቁ። በዚህ ላይ ከተማዋ ራሷ በየጊዜው ስለምታድግ ለቤት ሥራ የሚሆነው ድንጋይ፣ አሸዋና ብሎኬት በገልባጭ መኪና እየተጫነ በየሠፈሩ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭነት መኪና የከተማ ጠላት አይደለም። የምትማሩበት ክፍል የተሠራበት ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ በቤታችሁ የሚበላው ጤፍና ዘይት የመጣው በጭነት መኪና ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ጭነት መኪና ይኑር ወይስ አይኑር?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ምን ያህል ጭኖ፣ በየትኛው መንገድ፣ በምን ጊዜ ይሂድ?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ መንገድ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰው ጭቃ ለመሻገር ሲያስብ ሳንቃ ያነጥፋል። እግሩ በቀጥታ ጭቃውን ቢረግጥ ይሰምጣል፤ ሳንቃው ግን የሰውየውን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያከፋፍለው ጭቃው ይችለዋል። መንገድም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። የጎማን ክብደት ተቀብሎ፣ አከፋፍሎ፣ ከሥሩ ላለው አፈር በሚችለው መጠን ያደርሳል። አስፋልት መንገድ ሲሠራ በመጀመሪያ የተፈጥሮው አፈር ይደለደላል፤ ውኃ ጠጥቶም በሮሎ ይጠቀጠቃል። በላዩ ላይ መንገድ ሠሪዎች «ገረጋንቲ» የሚሉት የተመረጠ አፈርና ጠጠር ይነጠፋል። ከዚያ በላይ የተፈጨ ድንጋይ ይደረብና እንደገና ይጠቀጠቃል። ጥቁሩ አስፋልት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው መንገድ ማለት ይህ ጥቁር ልባስ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አስፋልቱ ከሥር ላሉት ድርቦች እንደ ጣሪያ ሆኖ ውኃ እንዳይገባ የሚከላከል፣ የጎማንም ግጭት የሚቀበል ነው እንጂ ሸክሙን ብቻውን የሚሸከም አይደለም።

መሐንዲሶች የእነዚህን ድርቦች ውፍረት የሚወስኑት በዘፈቀደ አይደለም። አፈሩ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና በመንገዱ ላይ ለሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ከባድ መኪና እንደሚያልፍ አስቀድመው ይገምታሉ። ለአውራ ጎዳና የሚሠራው ወፍራም ይሆናል፤ ለሠፈር የሚሠራው ግን ለቤት መኪና፣ ለባጃጅና አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቀላል ጭነት መኪና ተብሎ ስለሚነደፍ ስስ ይሆናል። በብዙ ከተሞቻችን የሠፈር መንገድ የሚነጠፈው በጥርብ ድንጋይ፣ ማለት በኮብልስቶን ነው። የኮብልስቶን መንገድ ድንጋዮች በአሸዋ ላይ ተደርድረው፣ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው፣ በጠርዝ ድንጋይ ታጥረው ይቆማሉ። ጥንካሬያቸው በመደጋገፋቸው ነው። ከባድ መኪና ጠርዙን ወጥቶ ሲሰብረው ወይም በጠባብ ማዕዘን ላይ ሲጠመዘዝ አንዱ ድንጋይ ይነቃነቃል፤ አንዱ ከተነቃነቀ ጎረቤቱ መደገፊያ ያጣል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ አሸዋው ይታጠባል፤ መንገዱም ይጎረብጣል።

እስከዚህ የተባለው የታወቀ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ከባድ ነገር ከቀላል ይልቅ እንደሚጎዳ ማን ያጣዋል? የሚያስደንቀው ግን ጉዳቱ የሚጨምርበት መጠን ነው። በተሽከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ አክስል ይባላል። መንገዱ የሚሰማው የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል በኩል የሚያርፍበትን ክብደት ነው። ይህን በሚገባ ለማወቅ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ትልቅ ሙከራ አካሂደው ነበር። ስድስት ዙሪያ መንገዶች ሠሩ። አንዱን የአየር ጠባይ ብቻውን የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ያለ ተሽከርካሪ ተዉት። በቀሩት ላይ ግን የጦር ሠራዊት ነጂዎች ልዩ ልዩ ክብደት የጫኑ መኪናዎችን ለሁለት ዓመት ያህል ሲያመላልሱባቸው ቆዩ። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ውጤት በአክስል ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት በአራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። ይህ ግምታዊ ሕግ ነው፤ እንደ መንገዱ ዓይነት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ቢሆንም መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ድረስ መነሻ ያደርጉታል።

በቁጥር እንየው። የአክስሉ ክብደት እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ 2 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 16 ስለሚሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። አንዲት 1 ቶን የምትመዝን የቤት መኪና በእያንዳንዱ አክስሏ 500 ኪሎ ግራም ታሳርፋለች እንበል። 10 ቶን የተጫነበት የጭነት መኪና አክስል ከዚህ በሃያ እጥፍ ይከብዳል። 20 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 160,000 ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ከባድ አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ የቤት መኪናዪቱ አክስል 160,000 ጊዜ ማለፍ አለበት ማለት ነው። መንገዱን የሚያፈርሰው የተሽከርካሪ ብዛት ሳይሆን የጥቂቶቹ ክብደት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ከልክ በላይ መጫን የሚያስከትለውን እንመልከት። አንድ ነጋዴ በአክስል 10 ቶን በሚፈቀድበት መንገድ ላይ 12 ቶን ቢጭን የጨመረው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። የመንገዱ ጉዳት ግን ከእጥፍ ይበልጣል። ለስሌቱ እንዲቀልል የመኪናውን የራሱን ክብደት እንተወውና 60 ቶን ይጓጓዝ እንበል። በ10 ቶን ስድስት ጉዞ፣ በ12 ቶን አምስት ጉዞ ይበቃል። ነጋዴው አንድ ጉዞ አተረፈ። የ10 ቶን አንዱን ጉዞ ጉዳት አንድ ብንለው ስድስቱ ጉዞ ስድስት ይሆናል፤ የ12 ቶን አምስቱ ጉዞ ግን ከአሥር ያልፋል። ነጋዴው ያተረፈው የአንድ ጉዞ ነዳጅ ነው፤ ከተማው የከሰረው መንገዱን ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ያው ጭነት በብዙ አክስሎች ላይ ቢከፋፈል መንገዱ ይችለዋል፤ በጥቂቶች ላይ ሲከመር ግን ይሰብረዋል።

ክብደት የጀመረውን ጥፋት የሚጨርሰው ውኃ ነው። አስፋልት በከባድ ጎማ ሥር በተደጋጋሚ ሲታጠፍ በመጀመሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። በበጋ ይህ ስንጥቅ ምንም አይመስልም። ዝናብ ሲመጣ ግን ውኃው በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይሰርጋል፤ ገረጋንቲውና አፈሩ ይርሳሉ፤ የረጠበ አፈር ደግሞ የደረቀውን ያህል ሸክም አይችልም። በዚህ ጊዜ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጎማው ውኃውን ከነአፈሩ እየጨመቀ ያወጣዋል። ከሥር ባዶ ይሆናል፤ ከላይ ያለው አስፋልት ይወድቃል፤ ጉድጓድም ይፈጠራል። ስለዚህ የመንገድ ዳር ቦይ ሲደፈን የሚጎዳው ቦዩ ብቻ አይደለም። ቆሻሻና የግንባታ ትራፊ የሞላው ቦይ ውኃውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። እንደ ሐዋሳ ባለ ሜዳማ ከተማ ውኃ በራሱ ፈጥኖ ስለማይወርድ ይህ ነገር ይበልጥ ያሳስባል። ከፈረሰው መንገድ የታጠበው አፈርም ጎርፍ እየገፋው ወደ ሐይቁ ይገባል። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበትን ደለል ይዞ ይቀራል።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚከፈለው በማን ነው? በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪዎች ከገቢያቸው አዋጥተው የሠፈራቸውን መንገድ በኮብልስቶን አስነጥፈዋል። ከእነዚህ መካከል መኪና የሌላቸው፣ ምናልባትም ወደፊት የማይኖራቸው ብዙዎች ናቸው። እነርሱ ያሠሩትን መንገድ አቋራጭ የፈለገ አንድ ባለ ከባድ መኪና በአንድ ክረምት ሲያበላሸው የሚጎዱት መልሰው እነርሱ ናቸው። ብስክሌት የሚነዳው ተማሪ ጉድጓዱን ሲሸሽ ወደ መኪና ፊት ይወጣል። ነፍሰ ጡር የያዘች መኪና በሚጎረብጥ መንገድ ላይ ዝግ ብላ ስትሄድ ውድ ጊዜ ይባክናል። የባጃጅ ነጂው የዕለት ገቢውን ለጎማና ለመለዋወጫ ያውላል። ከልክ በላይ የጫነው ሰው ትርፉን ለብቻው ሲያገኝ ጉዳቱን ለሠፈሩ ሁሉ ያከፋፍላል። ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

መንገድን ከከባድ ሸክም መጠበቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዓመት በታወጀው በቴዎዶስዮስ የሕግ መጽሐፍ ሮማውያን ሠረገላ ሊጭን የሚችለውን ክብደት ወስነው ነበር። በአገራችንም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተሽከርካሪዎችን መጠንና ክብደት የሚወስን ደንብ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 261 ወጥቷል። በአውራ ጎዳናዎች ላይም፣ ለምሳሌ በሞጆ፣ የሚዛን ጣቢያ ተቋቁሟል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከገንዘብ ምንጮቹ መካከል በነዳጅ ላይ የሚጣለው ክፍያና ከልክ በላይ በጫኑ ላይ የሚወሰነው ቅጣት እንዲገኙበት ተደርጓል። የሐሳቡ መሠረት ግልጽ ነው፤ መንገዱን የተጠቀመ ለጥገናው ይክፈል፤ የጎዳውም ይካስ።

ይሁን እንጂ በአውራ ጎዳና ላይ የሚደረግ ሚዛን የሠፈርን መንገድ ብቻውን አይጠብቅም። አሸዋና ድንጋይ ከቅርብ ቦታ ተጭኖ ወደ ከተማ የሚገባ መኪና በሚዛን ጣቢያ ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከተሞች የራሳቸው ዘዴ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያው ዘዴ መንገዶችን መለየት ነው። ለከባድ መኪና የሚሆኑት ጎዳናዎች በወፍራሙ ተሠርተው በምልክት ይታወቃሉ፤ በሠፈር መንገዶች መግቢያ ላይ ደግሞ የሚፈቀደውን ክብደት የሚናገር ምልክት ይተከላል። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ በአራት ክፍል ተከፍሎ የተጀመረው፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ የረጅሙን ጉዞ ሸክም ከነባሩ ጎዳና ለማቅለል ይረዳል። ነገር ግን ጭነቱ ከዚያ ወርዶ ወደ ከተማ ሲገባ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው ዘዴ ጊዜን መወሰን ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨናነቅን ለመቀነስ ስትል የከባድ ጭነት መኪናዎችን የቀን ጉዞ የሚገድብ እርምጃ ወስዳለች። ሦስተኛው በከተማ ዳር ማራገፊያና መጋዘን አዘጋጅቶ ዕቃውን በቀላል መኪና ወደየሠፈሩ ማድረስ ነው።

ይህን የሚቃወም ሰው «ሁለት ጊዜ መጫንና ማራገፍ ዋጋ ይጨምራል» ሊል ይችላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። የአሸዋና የሲሚንቶ ማጓጓዣ በመጠኑ ሊወደድ ይችላል። ነገር ግን ያ ወጪ አሁንም አለ፤ የሚከፈለው በተሰበረ መንገድ፣ በተበላሸ ባጃጅና በጠፋ ጊዜ ስለሆነ አይታይም እንጂ። ልዩነቱ በፊተኛው የሚከፍለው ተጠቃሚው፣ በኋለኛው ግን ሁሉም መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ ማራገፊያ ሳያዘጋጁና ሌላ መንገድ ሳያሳዩ «በዚህ አትለፍ» ማለት ነጂውን በሌሊት ተደብቆ እንዲገባ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። ክልከላና አማራጭ አብረው መሄድ አለባቸው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚረክሰው ዘዴ በጊዜ መጠገን ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ስንጥቅን ከክረምት በፊት መድፈን፣ ቦይን መጥረግ፣ የተነቃነቀን ድንጋይ በቦታው መመለስ ጥቂት ሰዎችና ጥቂት ቀናት ይጠይቃል። መንገዱ እስከ ገረጋንቲው ከፈረሰ በኋላ ግን ነቅሎ እንደገና ከመሥራት በቀር መፍትሔ የለም።

እናንተስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አላችሁ? በቤታችሁ ግንባታ ሲኖር አሸዋና ድንጋዩ በምን ዓይነት መኪና እንደሚመጣ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ከባድ ጭነት ወደ ሠፈር ከማስገባት አፈሩ እስኪጠነክር አንድ ሁለት ቀን መታገሥ መንገዱን ከብዙ ጉዳት እንደሚያድን ንገሯቸው። የተራገፈው አሸዋ በቦይ ውስጥ እንዳይቀር ጥረጉ። በሠፈራችሁ የታየው ስንጥቅ ጉድጓድ ከመሆኑ በፊት ለቀበሌያችሁ አስታውቁ። መንገድ ራሱ አቤት ሊል አይችልም። ስለዚህ የሚሄድበት ሰው ሁሉ ጠበቃው ሊሆንለት ይገባል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የመንገድ ሥራ በጭቃ ላይ ከተነጠፈ ሳንቃ ጋር የሚመሳሰለው በምን ምክንያት ነው?

2. በኢሊኖይ ሙከራ አንዱ ዙሪያ መንገድ ያለ ተሽከርካሪ የተተወው ለምንድን ነው?

3. በአክስል 10 ቶን በሚፈቀድበት መንገድ ላይ 15 ቶን ቢጫን ጉዳቱ በስንት እጥፍ ገደማ ይጨምራል? ስሌቱን አሳዩ።

4. «ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው» የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ ጽፋችሁ እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ ገረጋንቲ፣ ይሰርጋል፣ ደለል፣ ትራፊ፣ ጠበቃ።

ሐ. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ዋናውንና ጥገኛውን ሐረግ ለዩ።

1. ቦዩ ካልተጠረገ ውኃው ወደ መንገዱ ይመለሳል።

2. አፈሩ ስለረጠበ ሸክሙን ሊችለው አልቻለም።

መ. በሠፈራችሁ ያለ አንድ መንገድ ከተሠራ ጀምሮ የደረሰበትን ለውጥ፣ የለውጡን ምክንያትና መፍትሔውን የሚያስረዳ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።